ፈጣን እራትና ቀድሞ የተከፈለ ጊዜ፦ ከኮሪያ የሩዝ ማዕድ የተገኘ ትምህርት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ሙሉ ቃሉ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ፣ «ዶክተር፣ ማጀት ገቡ እንዴ?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። አዎን፣ ገብቻለሁ። ዛሬ የቆምሁትም የገባሁበትን ምክንያትና እዚያ የተማርሁትን ላካፍላችሁ ነው። የማነሣው ጉዳይ በሥራ ቀን ማታ ከ45 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ስለሚሰናዳ፣ ከኮሪያ ማዕድ የተቀዳ የሩዝ እራት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ከጀርባው ግን አንድ ጥያቄ ቆሟል፤ ይኸውም ለምግባችን የማን ጊዜ ተከፍሏል የሚል ነው።

በቅድሚያ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የተከታተልሁት በሴኡል ነው። እኔ በዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ባለቤቴ እያስተማረች፣ ሁለት ልጆቻችንን እያሳደገች ቤቱን ብቻዋን ይዛ ቆየችኝ። ስመለስ «ዶክተር» ተባልሁ። የእርሷ የመመረቂያ ጥናት ግን ተጀምሮ በመሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ፣ «ምን ላግዝሽ? ምዕራፎቹን ላንብብልሽ?» አልኋት። «ማንበቡስ ሰው አላጣሁም፤ አንተ ሰዓት ስጠኝ» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እራት ማዘጋጀትና ዕቃ ማጠብ በቀን ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ በአምስት የሥራ ቀናት 10 ሰዓት ይሆናል፤ በ40 ሳምንታት 400 ሰዓት። ለአንድ ጥናት ጸሓፊ 400 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። እኔም ያንን ሁሉ ሰዓት ለዓመታት ሳልጠይቅና ሳላመሰግን ስበላው ኖሬያለሁ።

ወጥ መሥራት አላውቅም ነበር፤ እንጀራ መጋገርማ የሚታሰብ አልነበረም። በእጄ የነበረው በሴኡል ያየሁት የሩዝ እራት ብቻ ነው። እርሱንም ቢሆን በዚያ የኤሌክትሪክ ማብሰያ ነበር የሚያበስልልኝ። በብረት ድስት የሞከርሁት የመጀመሪያው ዕለት ልጄ ሳህኗን አየት አድርጋ፣ «አባዬ፣ ይሄ ገንፎ ነው?» አለችኝ። ቂቤና በርበሬ ጨምረንበት እንደ ገንፎ በላነው።

አሁን ወደ ምግቡ ልለፍ። በኮሪያ ቋንቋ የበሰለ ሩዝ «ባፕ» ይባላል፤ ይኸው ቃል ምግብን በጥቅሉ ይጠራል። «ባፕ በልተሃል?» ማለት እንደ ሰላምታ ያገለግላል። ለኑሮ የሚሠራ ሥራ «ባፕቦሪ» ይሰኛል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ባፕ ማግኘት» ነው። እኛ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ»፣ «እንጀራዬን አታሳጡኝ» ስንል እንጀራን ያዋልንበትን ቦታ እነርሱ ለሩዝ ሰጥተውታል። አብሮ የሚኖር ቤተሰብን የሚጠሩበት «ሺክጉ» የተሰኘ ቃል ደግሞ ከተጻፈባቸው የቻይና ፊደላት ሲተረጐም «የሚበሉ አፎች» ማለት ነው።

በሩዝ ላይ ሥጋ ወይም አትክልት አልብሰው የሚያቀርቡት ምግብ «ዶፕባፕ» ይባላል፤ «የተሸፈነ ሩዝ» እንደ ማለት ነው። አትክልቱ፣ ሥጋው፣ እንቁላሉና ድልሁ ከሩዙ ጋር ተደባልቆ የሚበላው ዝነኛው «ቢቢምባፕ» ነው። ይህ ምግብ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተዘጋጀ «ሺዊጆንሶ» በተባለ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቧል። ከከተሞች ሁሉ ይበልጥ በቢቢምባፕ የምትታወቀው ጆንጁ ናት።

ነጭ ሩዝ የሞላበትን ሳህን ግን ኮሪያውያን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በየዕለቱ ያገኙት የነበረ አድርገን እንዳናስበው። የቃኘው ሻለቃ ጦራችን እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ ሲዘምት አገሪቱ በጦርነት የወደመችና የተራበች ነበረች። የበልግ ወራቸውን «ቦሪትጎጌ» ይሉት ነበር፤ «የገብስ ዳገት» ማለት ነው። ያለፈው ዓመት ሩዝ ያለቀበት፣ ገብሱም ገና ያልደረሰበት፣ ገበሬው እንደ ዳገት በጭንቅ የሚወጣው ወቅት ነው። የእኛ ገበሬ የክረምቱን ወራት ጎተራው ባዶ ሆኖ እህሉ በማሳ ላይ ሳለ የሚያሳልፈውን ዓይነት መሆኑ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹም መንግሥት ሩዝን ለመቆጠብ ሕዝቡ ገብስና ሌላ እህል እየቀላቀለ እንዲበላ ያዝዝ ነበር፤ መምህራን የተማሪዎችን ምሳ ዕቃ ከፍተው ገብስ መቀላቀሉን ይመረምሩ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ1970ዎቹ «ቶንጊል» የተባለው ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ የሩዝ ዝርያ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬው ሙሉ ሳህን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያለው ጥጋብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። ይህ ምግብ ፈጣን የሆነው ለምንድን ነው? ሩዝ ቶሎ ስለሚበስል ብቻ አይደለም። ጣዕሙ አስቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ነው። «ጎቹጃንግ» የሚባለው ቀይ ድልህ ከበርበሬ ዱቄት፣ ከሚያጣብቅ የሩዝ ዓይነት፣ ከተብላላ የአኩሪ አተር ዱቄትና ከጨው ተቦክቶ በሸክላ ጋን ውስጥ ለወራት ይብላላል። የአኩሪ አተር መረቁ «ካንጃንግ»ም እንዲሁ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠይቃል። ጋኖቹን የሚያጥቡት፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚከፍቱት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚከድኑት የቤቱ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ሥራውን በአብዛኛው ፋብሪካ ወስዶታል። ማታ አንድ ማንኪያ ጎቹጃንግ ጣል ሳደርግ የምጠቀመው ሌላ ሰው ቀድሞ የከፈለውን ጊዜ ነው።

ይህን ስረዳ የራሳችን ጓዳ በሌላ ዓይን ታየኝ። ሽሮ በ20 ደቂቃ የሚደርሰው እናቶቻችን አስቀድመው ሽምብራውን ወይም አተሩን ለቅመው፣ ቆልተው፣ ከክተው፣ ቅመሙን አስማምተው ስላስፈጩት ነው። በርበሬውም ተቀንጥሶ፣ ተደልሆ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የተቀመጠ የብዙ ቀን ድካም ነው። እርግጥ ነው፣ በርበሬ ለሁለታችንም መጤ ነው፤ ከአሜሪካ ምድር ወደ ቀረው ዓለም የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱን መጤ ተክል ተቀብለው የማዕዳቸው መለያ አደረጉት፤ ድካሙንም ሁለቱም በሴቶች ትከሻ ላይ ጫኑት።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ በአጭሩ ልንገር፤ ለአራት ሰው ነው። ሦስት ብርጭቆ ሩዝ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠብና ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከጠለለ በኋላ በሦስት ብርጭቆ ተኩል ውኃ ይጣዳል። ሲፈላ እሳቱ ዝቅ ይደረግና ተከድኖ 12 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ክዳኑ ሳይነሣ 10 ደቂቃ ያርፋል። የመጀመሪያ ጊዜ ገንፎ ያደረገብኝ ውኃ ማብዛቴና በየደቂቃው ከፍቼ ማማሰሌ ነበር።

የሩዙ ዓይነት ወሳኝ ነው። የኮሪያ ሩዝ አጭርና ድቡልቡል ነው፤ በውስጡ አሚሎስ የተባለው የስታርች ዓይነት ዝቅተኛ ስለሆነ ሲበስል እርስ በርሱ ይያያዛል። ረጅሙ ባስማቲ ይበታተናል። እኔ የምጠቀመው የፎገራን ሩዝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የምናልፈው የፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የተስፋፋው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ከዚያ መምጣቱ ይነገራል። እኔ በሴኡል ስፈልገው የነበረው የሩዝ ጠባይ በገበያችን መኖሩን ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው።

ሩዙ ሲበስል ሌላው ይሠራል። 400 ግራም የበሬ ሥጋ በስሱ ተከትፎ በሦስት የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር መረቅ፣ በአንድ ማንኪያ ስኳር፣ በግማሽ ራስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ዝንጅብል ይታሻል፤ በኃይለኛ እሳት ላይ ለአምስት ስድስት ደቂቃ ይጠበሳል። ቆስጣው በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ገብቶ ይወጣና በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ይጨመቃል፤ በጨውና በነጭ ሽንኩርት ይለወሳል። ካሮት በቀጭኑ ተከትፎ ጥቂት ይጠበሳል። ኮሪያውያን ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ አምስቱን ቀለማት በአንድ ማዕድ ማሰባሰብ ይወዳሉ፤ በሥራ ቀን ሦስቱ ከተገኙ ይበቃል። በላዩ የተጠበሰ እንቁላል ይደረጋል። ሰሊጥ አምራች አገር ነንና የሰሊጥ ዘይቱ ቢጠፋ ሰሊጡን ቆልቶ ወቅጦ መነስነስ ይቻላል።

ጎቹጃንግ ካልተገኘ በአዋዜ ላይ ጥቂት የአኩሪ አተር መረቅና ማር እጨምራለሁ። ጣዕሙ አንድ አይደለም፤ የመብላላቱ ጥልቀት ይጎድለዋል። ስለዚህ «ከኮሪያ የተቀዳ» እላለሁ እንጂ «የኮሪያ» አልልም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋውና እንቁላሉ ቀርቶ እንጉዳይ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ይተካል፤ ለጾም ቀን እንዲህ የሚስማማ የውጭ አገር ምግብ ብዙ አላየሁም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የተረፈ ሩዝ ውጭ አይደር፤ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር በመፍላት አይሞትምና ሩዙ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይግባ።

ይህ ምግብ የሚያሳጣንም ነገር አለ። በሴኡል ኖርያንግጂን የሚባል ሠፈር ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ይበዙበታል። በመንገድ ዳር «ኮፕባፕ» ይሸጥላቸዋል፤ በወረቀት ኩባያ ውስጥ የተደረገ ሩዝ ከነማባያው ነው። ቆመው፣ ማስታወሻቸውን እያነበቡ፣ በደቂቃዎች ውስጥ በልተው ይሄዳሉ። ብቻን መብላት «ሆንባፕ» የሚል የራሱ ስም ወጥቶለታል። እኔም ከመካከላቸው ቆሜ በልቻለሁ። ያን ጊዜ የጎደለኝ ጣዕም አልነበረም፤ «ብላልኝ» የሚለኝ ሰው ነበር። ለየብቻ የሚቀርብ ሳህን ጉርሻን አያውቅም። ስለዚህ በቤታችን ሩዙን ለየሳህኑ አድርገን ማባያውን በአንድ ትሪ መካከል እናስቀምጣለን፤ ኮሪያውያንም ቢሆኑ በቤታቸው ማባያውን በጋራ ነው የሚበሉት።

ወንድ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ምስጋና ፈልጌ አይደለም። ሚስቱ ለዓመታት ያለ ጭብጨባ የሠራችውን ሥራ በሳምንት አምስት ቀን ስለሠራ የሚጨበጨብለት ባል ሊያፍር ይገባዋል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ማታ ከማዕድ ስትቀርቡ በሳህኑ ውስጥ የማን ሰዓት እንዳለ አስሉ። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ እኔ ግን ለመጀመር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ባለቤቴ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የለችም። አራተኛውን ምዕራፍ እየጻፈች ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እንጉዳዩ ተገዝቷል፣ ሩዙም እኔን ይጠብቃል። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ አጠር አድርጋችሁ ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል።