አስፐርገር የተባለው ጠባይ አንድ ምንጭ ብቻ አለውን?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከየካ ሠፈሮች ተነሥቶ በማለዳ ወደ እንጦጦ ጋራ የሚወጣ ሰው፥ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ወደ ጸበል የሚሄዱ እናቶችን በመንገዱ ያገኛል። ከነዚህም ልጆች አንዳንዱ አካሉ ሙሉ፥ አንደበቱም የተፈታ ነው። ታዲያ ምን ሆኖ ነው ብትባል፥ እናቲቱ መልስ ታጣለች። ጎረቤት ግን መልስ አያጣም፤ አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዱ ቡዳ በልቶት ነው ይላል፤ አንዱ በክትባቱ ያሳብባል፤ ሌላውም እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አንድ ጥፋት አጥፍታ ይሆናል ብሎ ያማል። መልሶቹ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ምክንያቱ አንድ ነው፥ እርሱም ታውቋል ማለታቸው ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህን አስተሳሰብ ሊቃውንት ከደረሱበት ዕውቀት ጋር ላመዛዝን አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንግለጥ። አስፐርገር በተባለው ስም የሚጠራ ልጅ አንደበቱ በጊዜው ይፈታል፤ ለትምህርትም ሰነፍ አይደለም። የከተማውን አውቶቡሶች ቁጥርና መድረሻ ሳይሳሳት በቃሉ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል፤ በቀልድ የተነገረውን እንደ እውነት ይወስዳል፤ የለመደው ሥርዐት ሲለወጥ ይታወካል፤ «ደኅና ነህ? ትምህርትስ? አባትህስ?» እየተባለ የሚደረደረው ሰላምታችንም ያስጨንቀዋል። በሀገራችን ሰላምታ የአስተዳደግ መለኪያ ስለሆነ፥ ልጁ «ስድ» ይባላል፤ እናቱም ልጅ ማሳደግ አታውቅም ተብላ ትታማለች።

የስሙን ታሪክ በአጭሩ ላንሣ፤ ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1944 የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ሐንስ አስፐርገር ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ጻፉ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 በጻፉት ጽሑፍ ጠባዩ በርሳቸው ስም እንዲታወቅ አደረጉ። በ2013 ግን የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ስም ከመዝገቡ አንሥቶ ኦቲዝም በሚለው ሰፊ ስም ጠቀለለው፤ ከሌላው ኦቲዝም የሚለየው ግልጽ ወሰን አልተገኘምና። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት መዝገብ እንዲሁ አድርጓል። በ2018 የወጣ የታሪክ ምርመራ ደግሞ አስፐርገር በናዚ አገዛዝ ዘመን ሕፃናት ወደሚገደሉበት ተቋም ልጆችን መላካቸውን አስረድቷል።

ወደ ምክንያቱ እንመለስ። ምክንያቱን በእናት ላይ የጣለው የኛ ጎረቤት ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብዙዎች ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስለምትነፍገው ነው ይሉ ነበር፤ በዚህም ብዙ እናቶች በከንቱ አለቀሱ። ይህን አሳብ ካናወጡት ሥራዎች አንዱ በ1977 በብሪታንያ በመንታ ልጆች ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንታዎችን ተመለከቱ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት ዕንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። በ2019 የወጣውም፥ በአምስት ሀገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፥ በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ገመተ።

እንግዲህ ውርስ ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው ይባል ይሆን? አይባልም። በ2020 የታተመ ታላቅ ምርመራ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ዘረ መሎችን ቈጥሯል፤ ከነዚህ ሌላ እያንዳንዳቸው ኀይላቸው ትንሽ የሆነ፥ ሲደመሩ ግን የሚበረቱ ብዙ አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ከዘር ውጭም ያለቀኑ መወለድና ቫልፕሮኤት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ መውሰድ ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። (ይህን መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን ሐኪሟን ሳታማክር ልታቋርጠው አይገባም።) ክትባትን በተመለከተ፥ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የወጣው ጽሑፍ በ2010 ባሳተመው መጽሔት ተሽሯል፤ በ2019 በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናትም በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኘም።

በክረምት ከቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ደራሹን ውሃ የሚመለከት ሰው፥ ይህ ጎርፍ ከየትኛው ምንጭ መጣ ቢል፥ ከእንጦጦ ከሚወርዱ ብዙ ጅረቶች ነው እንጂ የአንዱን ስም ጠርቶ ሊጨርስ አይችልም። የዚህም ጠባይ ነገር እንዲሁ ነው። ምንጩ በተፈጥሮ አካል ውስጥ ነው፤ ነገር ግን አንድ አይደለም፤ በአንዱ ልጅ የበረታው ጅረት በሌላው ላይኖር ይችላል።

ይህ ዕውቀት ለኛ ምን ይጠቅማል? በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የልጆች አእምሮ ሕክምና ክፍሎች የተገኙ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ የወሊድ ችግርን ወይም የጭንቅላት ጉዳትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጋር አጣምረው በምክንያትነት ጠቀሱ። ከሁሉ ይልቅ ጎደለን ያሉት ግን የልጆቻቸውን ትምህርት ነው። ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ምክንያቱ ተመርምሮ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ነው። በ2021 ቢያርፉም፥ በቤት ተሸሽጎ የነበረውን ነገር ወደ አደባባይ ማውጣታቸው አይረሳም።

ስለዚህ አድማጮቼ፥ ወደ ጸበል የምትወጣውን እናት በእምነቷ አንንቀፋት፤ ነገር ግን ሐኪሙንም መምህሩንም እንድታማክር እንርዳት። ጥፋቱ የማነው የሚለውን ጥያቄ ትተን፥ ልጁ እንዴት ይማር ብለን እንጠይቅ። በየመሥሪያ ቤታችንም መዝገቡን ያለ እንከን የሚጠብቅ፥ ነገር ግን ከቡናው ጨዋታ የሚሸሽ ባልደረባ ቢኖር፥ ኩሩ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት እናስተውል። ምንጩ ብዙ የሆነውን ነገር በአንዲት እናት ትከሻ ላይ መጫን ዕውቀትም ፍርድም አይደለምና።