«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት



በየጸሎት ቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚመጡ፣ ነገር ግን ከፍተው የማያነቡ እናቶችና አባቶች አሉን። ስንጠይቃቸው «እርጅና ነው ልጄ፣ ምን ይደረጋል?» ይሉናል፤ እኛም ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። የይስሐቅም የዔሊም ዓይን በስተርጅና ፈዝዞ ነበርና። ይሁን እንጂ በእነርሱ ዘመን ያልነበረ እርዳታ ዛሬ አለ።

አስቀድመን ስለ ምግብ እንናገር። «ጎመን በጤና» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው ሲቀርብን ለመጽናናት ነው። ነገር ግን በጎመን ቅጠል ውስጥ ሉቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ ሲያገኘው ግን በዓይን ውስጠኛ ጀርባ፣ ፊደል ለይተን በምናይበት ስፍራ ያከማቸዋል፤ በዚያም ኃይለኛውን ብርሃን ይጋርዳል። ያለ ቅባት በሚገባ ስለማይዋሐድ ጎመኑ ጥቂት ዘይት ይፈልጋል። የእንቁላል አስኳልም ሉቲን አለው፤ እንቁላሉ ለእንግዳና ለልጅ ብቻ አይሁን፣ ለአያትም ይድረስ።

ትምባሆ ዓይንንም እንደሚጎዳ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። የማገዶ ጢስ ግን የየቤታችን ጉዳይ ነውና ለማድቤቱ ጢስ መውጫ እናብጅለት። በፀሐይ የሚውል ባርኔጣ ያድርግ። የስኳር በሽታ ያለበትም በየዓመቱ ዓይኑን ይታይ።

ይሁንና እውነቱን እንናገር፤ ጎመን የዓይን ሞራ አይገፍም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነበር። ይህ የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሥራውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም፤ ቶሎ ከተደረሰበት የሚንጠባጠብ መድኃኒት የቀረውን ለማቆየት ይረዳል። ፍዘቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ የእኛ ግምት አይደለም።

አዛውንቶቻችንን ከቤት ያስቀራቸው ፍርሃት ብቻ እንዳይመስለን። እጅ ይዞ የሚመራ ሰው ማጣትም ነው። ልጅ ሥራውን ትቶ መዋል አለበት፤ የአውቶቡስ ዋጋና ማደሪያም አለ። እኛም ለመድኃኒትና ለመነጽር በጀት ስንይዝ ይህን ዘንግተነው ነበር። አሁን የአስታማሚው መጓጓዣ አብሮ ይታሰባል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ በየጉባኤው ሁለት ሁለት ወጣቶች ተመርጠው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የማያነቡትን አዛውንቶች በስም ይመዝግቡ። በምርመራውም ቀን እጃቸውን ይዘው አብረዋቸው ይሂዱ።