ባለ መድኃኒትና መለኪያ

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ስካር በዚህ አዳራሽ ብዙ ተብሏል። እኔ የምናገረው ግን ዘወትር መድኃኒት እየዋጠ ወይም እየተወጋ ስለሚኖርና አልፎ አልፎ ስለሚጠጣ ሰው ነው።

የተወለድሁት ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በባቲ ነው። የባቲን ሰኞ ገበያ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኝበታል። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለ ሆነ መጠጥ በአደባባይ የሚወራ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የጠላና የአረቄ ቤት አልጠፋም፤ የሚጠጣውም በጓሮ በር ይገባል።

አጎቴ የስኳር በሽታ አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። አንድ ሰኞ ጧት ተወግቶ፣ ቁርሱን ሳይበላ ገበያ ወጣ፤ ከወዳጆቹም ጋር ሁለት ሦስት መለኪያ አረቄ ቀመሰ። ከቀትር በኋላ ከአንድ ግድግዳ ሥር በላብ ተጠምቆ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ተገኘ። አላፊ አግዳሚው «ሰክሯል፤ ተዉት ይተኛ» እያለ አለፈ። ዘመድም አፍሮ ፊቱን አዞረ፤ ያ ዘመድ እኔ ነበርሁ። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ጓደኞቼ አብረውኝ ነበሩ። ያነሣችው አንዲት ሻይ ሻጭ ናት፤ ባሏ ያው በሽታ ስለ ነበረበት ታውቀዋለች። ስኳር የበዛበት ሻይ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው፤ ቆይቶም ስሜን ጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ጉበት ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። አልኮል ሲመጣበት ግን እርሱን ለማስወገድ ስለሚጠመድ ይህን ሥራውን ያጓድላል። ኢንሱሊን፣ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ክኒን፣ በበኩሉ የደሙን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንጎል ይራባል፤ መንገዳገዱና መንተባተቡ ከስካር አይለይም። አደጋው ሌሊት ወይም በማግሥቱም ሊመጣ ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ትን ሊለው ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ማሮጥ ነው።

ሌላም አለ። «መድኃኒትና መጠጥ አይገናኙም» የሚለውን ምክር ሕዝቡ ሰምቶታል፤ የተረጐመው ግን ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው። መጠጡን በመተው ፈንታ የዚያን ዕለት ክኒኑን ይተዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው በሕይወት ቆሟል፤ ሲዘለል ግን ቫይረሱ እንደ ገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ለዚህ በሽተኛ ጠጥቶ ክኒኑን መዋጥ፣ ጠጥቶ ክኒኑን ከመዝለል ይሻለዋል። ይህን ስል ስለ መድኃኒት ሁሉ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳው አይሶናያዚድ ከአልኮል ጋር ጉበትን ይጎዳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚወስደው ፌኖባርቢታልም በአረቄ ላይ ሲደረብ ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ለመጠየቅ ግን በሩ ተከፍቷል ወይ? አጎቴን ለምርመራ ሳጅብ መርማሪው «አይጠጡም፣ አይደለም?» አለው። ይህ መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። አጎቴም «ኧረ እኔ!» ብሎ ወጣ። «ባለፈው ሰኞ ስንት መለኪያ ጠጡ? ቁርስስ በልተው ነበር?» ቢባል ኖሮ ሌላ ነገር በተናገረ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ መልካም ነው። የሰፈር አረቄ ግን ዱሮም በራዲዮ አልተነገረለትም፤ ኃይሉም በጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። የዛሬው ሁለት መለኪያና የነገው ሁለት መለኪያ እኩል አይደሉም።

በመካከላችን የሕክምና ተማሪዎች አላችሁ። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ፣ ቤተ ዘመዱን «ትጠጣለህ ወይ?» ሳይሆን «የጠጣህ ዕለት መድኃኒቱን ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ መልሱንም ለዚህ ኅብረት አምጡ።

አጎቴ አረቄውን ትቷል ብዬ አልመሰክርም። ቁርሱን ሳይበላ ግን ከቤት አይወጣም፤ በኪሱ ከረሜላና በሽታውን የሚገልጽ ወረቀት ይይዛል። ሰኞ ሰኞም ገበያ ሲገባ በሻይ ሻጯ በኩል ያልፋል።