ያዘለን ጀርባ



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን አላህ (ሱ.ወ.) ከሥጋችን ሥር ስላኖረው ትልቅ ኒዕማ፣ ስለ አጥንት እንነጋገራለን።

ለሶላት ስንቆም፣ ለሩኩዕ ስናጎነብስ፣ ከሱጁድ ቀና ስንል ምን እንደተሸከመን አስበን እናውቃለን? አጥንት ባይኖረን ኖሮ ሰውነታችን እንደ ባዶ ጆንያ በተዝለፈለፈ ነበር። አንድ አዋቂ ሰው በአብዛኛው 206 አጥንቶች አሉት። እነዚህ አጥንቶች ምሰሶ ብቻ ሳይሆኑ ጋሻም ናቸው። የራስ ቅል አንጎልን ይጠብቃል። 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች ልብንና ሳንባን ይከልላሉ። አከርካሪያችንም ቀጥ አድርጎ ሲያቆመን፣ ከአንጎል የሚወርደውን ህብለ ሰረሰር በውስጡ አቅፎ ይይዛል።

አጥንት እንደ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ይመስለናል፤ ነገር ግን ሕያው ነው። በመቅኔው ውስጥ ደም ይመረታል። ያረጀው ክፍሉ እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው። ከምግብ የምናገኘው ሲያንስ ደማችን ከዚህ ጎተራ ይወስዳል። ጎተራው እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ግድም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይጎድላል። በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ ጉድለቱ ይፈጥናል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ጌታቸውን ሲለምኑ የአጥንታቸውን መድከም ማንሳታቸው በሱረቱ መርየም ተወስቷል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት ሲሳሳ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። የእናቶቻችን ቁመት ሲያጥር፣ ጀርባቸው ሲጎብጥ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ከዚያ አንድ ቀን ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርጉ በጨለማ ሲወጡ እርጥብ ሲሚንቶ ያንሸራትታቸውና ዳሌያቸው ይሰበራል። ትናንት ቤቱን ሲያስተዳድሩ የነበሩ እናት ከአልጋ ለመነሳት እንኳ የሰው እጅ ይጠብቃሉ። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ አላህ አግርቶልናል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን ልንከላከለው የምንችለውን ውድቀት ቸል ማለት ለእኛ ለልጆች ምክንያት አይሆነንም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቤታችንን እንመልከት። ወደ ውዱእና ወደ መጸዳጃ ቦታ በሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑር። ውሃ የሚፈስበት ቦታ የማያንሸራትት ይሁን፤ መደገፊያም ይበጅለት። የተጣጠፈ ምንጣፍ ይነሳ። ወተት፣ እርጎ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ከማዕዳችን አይጥፉ። ከቤት የማይወጡ አረጋውያን በግቢያቸው ፀሐይ ያግኙ፤ ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳልና። አቅማቸው በፈቀደ መጠንም ይራመዱ። ጀርባቸው የጎበጠ፣ ወይም ቀላል በሆነ አወዳደቅ አጥንታቸው የተሰበረ ካሉ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው። ለልጆቻችንም ጎተራው የሚሞላው አሁን መሆኑን አንርሳ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የጎበጠው ያ ጀርባ ትናንት እኛን አዝሎ ውሃ የቀዳ፣ እንጨት የለቀመ፣ ገበያ የዋለ ነው። ያኔ እንዳንወድቅ በአንቀልባ አጥብቆ አስሮናል። አሁን እንዳይወድቅ የመያዙ ተራ የእኛ ነው።

አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ ከሚወጡት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።