የማያረጀው አቶም
(በሒሳብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በፈተና ላይ ስለ ተሳሳትነው አንድ ጥያቄ ነው። «የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ከሆነ፣ ከ11,460 ዓመት በኋላ ምን ያህሉ ይቀራል?» ተባልን። ብዙዎቻችን «ምንም» ብለን ጻፍን። ግማሹ ካለቀ፣ የቀረው ግማሽ በሌላ 5,730 ዓመት የሚያልቅ መስሎን ነበር። መልሱ ግን ሩብ ነው። ፎርሙላውን በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ትርጉሙን ግን አናውቀውም።

ነገሩ የገባን በኋላ፣ በሳንቲም ነው። 64 ሳንቲሞች ወርውረን፣ ጎፈር የሆነውን እያነሣን የቀረውን ደግመን ወረወርን። 64ቱ 29 ሆኑ፤ ከዚያም 16፤ ከዚያም 7። ሦስት ጊዜ የተረፈ ሳንቲም ስለ ሰነበተ አይደክምም፤ በአራተኛውም ውርወራ ዕድሉ ያው እኩል ነው። አቶምም እንዲሁ ነው። ሽማግሌና ጎልማሳ በሞት ፊት እኩል አይደሉም፤ የቆየ አቶምና የትናንት አቶም ግን እኩል ናቸው። ስለዚህ በየጊዜው የሚጠፋው ከቀረው ላይ ያው እጅ ነው፤ የፎርሙላው ምሥጢር ይኸው ነው።

ታዲያ ሁሉም በዕድል ከሆነ ሕጉ ከወዴት መጣ? ከብዛት ነው። ከ64 ሳንቲሞች 32 ይቀራሉ ብለን ስንጠብቅ በ4 ያህል ቢበዛ ወይም ቢያንስ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ 29 ሊያስደንቀን አይገባም። ከአንድ ሚሊዮን ሳንቲሞች ግን የተለመደው ልዩነት 500 ብቻ ነው። ቍጥሩ ሲበዛ መዋዠቁ ከጠቅላላው አንጻር እየጠበበ ይሄዳል።

መዋዠቁም ራሱ ሕግ አለው። ራዘርፎርድና ጋይገር በ1910 እ.ኤ.አ. ከፖሎኒየም የሚወጡትን የአልፋ ቅንጣቶች በ7.5 ሴኮንድ እየከፈሉ 2,608 ጊዜ ቈጠሩ። አማካዩ 3.87 ነበር፤ በ57ቱ ጊዜ ግን አንድም አልታየም። የፕዋሶን ሥርጭት የሚተነብየው 54 ያህል ነው። አንዱ አቶም መቼ እንደሚለወጥ ማንም አይናገርም፤ የብዙዎቹን ነገር ግን ይህን ያህል አቅርበን እንናገራለን።

ይህ ዕውቀት ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆናት የታወቀው፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም ወደ አርጎን በሚለወጥበት በዚሁ ሕግ ነው።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ፎርሙላው ከመጻፉ በፊት ሳንቲሙ እንዲወረወር ነው። እኛም ተማሪዎች በቃል መያዝን እንደ ማወቅ አንቍጠረው።