አልነሳ ያለ ሞተር
(በአዲስ አበባ ወሎ ሰፈር ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እዚህ ወሎ ሰፈር ከተሰበሰብነው መካከል ብዙዎቻችን አገር ቤት የሚያርስ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም አለን። ከደመወዛችን ቆጥበን የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዝተን የላክንም አንጠፋም። አንድ ቀን ስልክ ይደወልና «ሞተሩ አልነሳ አለ» እንባላለን። ያን ጊዜ ምን እንመልሳለን? አብዛኛውን ጊዜ «መካኒክ ጥሩ፤ ገንዘብ እልካለሁ» ብለን እንዘጋለን። እኔ ዛሬ ላሳስባችሁ የምወደው፣ ገንዘብ ከመላካችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በተራ እንድንጠይቅ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ገበሬው በክረምት ሩዝ ያመርታል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። እኔ የደረስኩት በጥር ወር ነበር። የሽማግሌው ሽንኩርት ከተተከለ ስምንት ቀን ሆኖታል። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ የላይኛው አፈር ከደረቀ ከታች ፈልጎ የሚጠጣው የለውም። ልጆቹ በባልዲ እያመላለሱ ቢያጠጡም የማሳው ዳር ዳር ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሞተሩ ወንዙ ዳር ተቀምጧል፤ ሦስት ጎረምሶች ከማለዳ ጀምረው ገመዱን ሲስቡ መዳፋቸው ተልጧል።

ቀደም ሲል የተጠራ አንድ ባለሙያ «ፒስተኑ አልቋል፤ ሞተሩ ተከፍቶ መሠራት አለበት» ብሏቸው ሄዷል። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ምን ይደረግ፤ ለቅዳሜ ገበያ አንዱን በሬ ላወጣው ነው» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ በሬው አንድ ቀን ይቆይ። መጀመሪያ ሞተሩን እንጠይቀው» አልኳቸው።

ወገኖቼ፣ የዚህ ሞተር አሠራር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው አልተለየም። ሥራው አራት እርምጃ ነው፤ ነዳጅና አየር ያስገባል፣ ይጨምቃል፣ በእሳት ያፈነዳል፣ ጭሱን ያስወጣል። ስለዚህ አልነሳ ያለ ሞተር ከሦስት ነገሮች አንዱ ጎድሎበታል ማለት ነው፤ ጭመቃ፣ እሳት፣ ወይም ነዳጅና አየር በልኩ።

ከሦስቱ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማያስወጣውን እንመልከት። ማጥፊያው «አብራ» ላይ ነው? የነዳጁ መዝጊያ ተከፍቷል? የአየር ፊልትሮው በገለባና በአቧራ አልታፈነም? ዘይቱስ ልክ ነው? አንዳንድ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳት የሚከለክል መሣሪያ አላቸው። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይት ባይጎድለውም እንኳ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አዘንብሎ ከተቀመጠ አልነሳም ሊል ይችላል። ደልዳላ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ገመዱ ይከብዳል? ገመዱን በኃይል ሳይሆን በቀስታ ሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ያዝ አድርጎ እጅን ከታገለ ጭመቃ አለ። እንደ ልብ ከተሳበ ግን ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሱና እንደገና ሳቡ። ከበፊቱ ከከበደ ያለቀው የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ለውጥ ከሌለው ቫልቩ አይዘጋም። ሁለቱም የመካኒክ ሥራ ናቸው። የሽማግሌው ሞተር ግን ገመዱ በደንብ ይዞኛል። እንግዲህ ፒስተኑ አልቋል የተባለው እውነት አልነበረም፤ በሬውም በዚያች ሰዓት ግማሽ መንገድ ተመለሰ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ካንዴላው እሳት አለው? ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩት። እርጥብ ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም። ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሷል፤ አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ አገር ይህ ይበረታል። ቀጥሎ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉ፣ የነዳጁንም ክዳን ዝጉ። ካንዴላውን ከገመዱ ኮፍያ ጋር አያይዛችሁ፣ እጀታው ላስቲክ በለበሰ ፒንሳ ይዛችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነኩ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው ተን እሳት ይይዛልና። ሌላ ሰው ገመዱን ሲስብ ሰማያዊና ብርቱ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደህና ነው። ከሌለ ወይም ከደከመ ካንዴላውን አጽዱ፤ የጫፉ ክፍተት ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ፑንቲና የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ክረምቱን ዝገት ይይዛቸዋል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲጠረጉ እሳቱ ይመለሳል። የሽማግሌው ካንዴላ ብልጭታው ደህና ነበር። ጫፉ ግን ደረቅ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ቤንዚኑ መቼ ተቀዳ? ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ባለፈው ሚያዝያ የተረፈ ነው» አሉኝ። ዘጠኝ ወር! ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ የሚቀረው እየወፈረ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ የተቀላቀለው የቅባት ምልክት ይተዋል።

የቆየውን ቤንዚን በዕቃ ቀድተን ከወንዙ አርቀን አስቀመጥነው። የካርቡሬተሩን ጽዋ ፈታነው፤ ውስጡ እንደ ማር የተጣበቀ ነገር ነበረበት። አንዱ ጎረምሳ ቀዳዳውን በሽቦ ሊወጋው ሲል «ተው ወንድሜ» አልኩት፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና። ከብሩሽ በተነቀለ አንድ ፀጉርና በአዲስ ቤንዚን አጠብነው። ገጥመን አዲስ ቤንዚን አደረግንበት። ሞተሩ በአራተኛው ሲሳብ ተነሳ። ውሃው በቱቦው መጥቶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም፤ ዶማቸውን አንስተው ውሃውን ሊመሩ ሄዱ።

በሬው ተረፈ። ዳር ላይ የነበሩት ሦስት መደቦች ግን አልተመለሱም። እነዚያን ያጣናቸው በሞተሩ ብልሽት አይደለም፤ ጠያቂ በማጣት ባለፉት ስምንት ቀናት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በሬ ለመሸጥ ቸኩለን ነበር፣ ቤንዚኑን ለማየት ግን ማንም አልቸኮለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እኛ ብረቱን ልከን ዕውቀቱን እዚህ አስቀርተናል ማለት ነው። ከእንግዲህ ሞተር ስትልኩ አንድ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ ጨምሩበት። የመስኖው ወራት ሲያበቃም የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፣ በጋኑ የቀረውንም ይቅዱት ብላችሁ ንገሯቸው። ይህ ሥራ ከሩብ ሰዓት አያልፍም፤ ሦስቱን መደብ ያድን የነበረውም እርሱ ነው።

ስልኩ በተደወለ ጊዜም «ገመዱ ይከብዳል? ካንዴላው እሳት አለው? ቤንዚኑ መቼ ተቀዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከታወቀ በኋላ መካኒክ ቢያስፈልግ ይጠራ፤ ገንዘብም ይላክ። ያን ጊዜ የምንልከው ገንዘብ የሚሄድበትን ያውቃል።