ባሕር ላይ የሚነፋ ጥሩንባ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የኤረር ሰዎች ባሕር አናውቅም። የምናውቀው ፍል ውሃችንን ነው። ነገር ግን ሐዲዱ ከጥንት ጀምሮ በደጃችን አልፎ ወደ ጅቡቲ ስለሚወርድ ባሕሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ልጆቻችንም በዚያው መንገድ ወረዱ።

በጽሕፈት ሥራ ላይ በነበርንበት ዘመን ስልክ ሲደወል አስቀድመን የምንጽፈው ሰዓቱን ነበር። ከዚያ ማን ነው? የት ነው? ምን ሆነ? ይኸው ነው። ለካ ባሕር ላይ ለሚጨነቁ ሰዎች ያለ ደሞዝ በሬዲዮና በስልክ የሚያዳምጡ በጎ ፈቃደኞችም ሥራቸው ይኸው ኖሯል። በመርከብ ሬዲዮ 16ኛው መስመር ለጭንቅ ጥሪ የተለየ ነው፤ የተጨነቀው «ሜይዴይ» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል። አዳማጩ ጀልባ የለውም። ቦታውን፣ የሰዉን ቁጥርና የደረሰውን አደጋ ጽፎ ጀልባ ላለው ያስተላልፋል። የእኛ ጥሩንባ ነፊ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሱ የሚነፋው ሰው ሳይሞት ነው።

አባ ሙሴ ዘርአይ የሚባሉ ኤርትራዊ የካቶሊክ ቄስ አሉ። እሳቸውም በስደት ጣልያን የገቡ ናቸው። ስልክ ቁጥራቸውን ስደተኛው እየተቀባበለ ይይዘዋል። መጋቢት 17 ቀን 2003 ሌሊት አንዲት የጎማ ጀልባ 72 ሰው ጭና ከትሪፖሊ ወጣች። ከነዚህ ውስጥ 47ቱ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። ነዳጁ ሲያልቅባቸው በሳተላይት ስልክ አባ ሙሴ ዘንድ ደወሉ። እሳቸውም ወዲያው ለሮማ የባሕር አድን ነገሩ፤ ሮማም በአካባቢው ላሉ መርከቦች አስታወቀች። ሄሊኮፕተር መጥቶ ውሃና ብስኩት አውርዶላቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ የደረሰላቸው የለም። ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ስትንሳፈፍ ቆይታ ሚያዝያ 2 ቀን እዚያው ሊቢያ ዝሊጠን ላይ ተጣለች። በሕይወት የተገኙት 11 ሲሆኑ፣ በመጨረሻ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። ጥሩንባው ተነፍቶ ነበር እኮ! ከቤቱ የወጣ ነው የጠፋው።

ይህንንና ይህን የመሰለውን ያዩ የአውሮፓና የሰሜን አፍሪካ በጎ ፈቃደኞች በጥቅምት 2007 «አላርም ፎን» የሚባል ቀንም ሌትም የማይዘጋ ስልክ አቆሙ። በፈረቃ ያዳምጣሉ። አስተላልፈውም ዝም አይሉም፤ «ሄዳችሁ ወይ?» እያሉ ደጋግመው ይጨቀጭቃሉ። ጭቅጭቅ ለጽድቅ ሲሆን እንዲህ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በመጋቢት 2016 መጨረሻ ከየመን ይመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ጀልባቸው ተገልብጣ ቢያንስ 38 ሰው ሞቷል፤ ሕፃናትም አሉበት። በእኛም እድር ልጇ ባሕር ላይ የቀረባት እናት ድንኳን ብትለምነን፣ ደንቡ «ሬሳ» ይላል፣ ሬሳ ደግሞ የለም ብለን ስንት ወር አቆየናት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍነው እኛው ነን፤ ዛሬ ስናነበው እናፍራለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ደንቡ «ሬሳ» የሚለውን ትቶ «መርዶ» ይበል። ሌላው፣ ልጅ የወጣበት ቤት ሁሉ የልጁን ስም፣ የወጣበትን ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከየት እንደ ደወለና በየትኛው ቁጥር እንደ ደወለ ያስመዝግብ። ፈላጊ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መዝገቡን ገዝተናል፣ ባለ 200 ገጽ ነው። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል፤ እስኪመሽ እዚያው ነን።